ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ እንድቆም ስለመጠየቅ

ቀን፦ የካቲት 17 ቀን

ለድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሚንቀጠቀጥ ማሽን ላይ «ቀጥ ብለህ ቁም» የሚለው ትእዛዝ እንዲነሳልኝ ስለማመልከት

ክቡር ሆይ፣ በብሎኬት ማምረቻው የብረት መድረክ ላይ ቆሜ ማሽን ሳንቀሳቅስ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላኝ። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከሥሩ ልጀምር፤ ሥሩ እግሬ ነው።

1. ሥራውን ያስለመዱኝ ሽማግሌ መጀመሪያ ያስተማሩኝ አቋቋም ነው። ጉልበት አጠፍ ሲል ንዝረቱ እዚያው ይደክማል። እግር እንደ ምሰሶ ከተገተረ ግን ወገብን አልፎ ጥርስ ድረስ ይወጣል።

2. ባለፈው ወር የተሾሙልን የክፍል ኃላፊ ቀድሞ የጥበቃ አዛዥ ነበሩ። ደግ ሰው ናቸው፤ ክፋት አላየሁባቸውም። ነገር ግን ለበር ጠባቂዎች ያወጡትን የአቋቋም መመሪያ እንዳለ ለእኛ አመጡት። የበሩ መሬት፣ ምስጋና ይግባውና፣ አይንቀጠቀጥም። ጉልበቴን አጠፍ አድርጌ ቢያዩኝ ልቀመጥ የዳዳኝ መስሏቸው በስንፍና ሁለት ማስጠንቀቂያ ጻፉብኝ። ሦስተኛው ስንብት ነው።

3. ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ ሦስት ሳምንት ተገትሬ ሠራሁ። አሁን ባለቤቴ ሻይ የምትቀዳልኝ ግማሽ ብርጭቆ ነው፤ ሞልታ ብትሰጠኝ እጄ ይደፋዋል። «ምነው፣ ማሽኑን ይዘኸው ገባህ እንዴ?» ትለኛለች። እኔም እስቅ ነበር። እሑድ ዕለት ግን የልጅ ልጄን ልቀበል እጄን ብዘረጋ፣ ልጄ እጄን አየችና ሕፃኑን መልሳ አቀፈችው። ከፋኝ። ይህን ማመልከቻ የምትጽፍልኝ እሷው ናት፤ ይህንን መስመር አልጽፍም ብላ ነበር፣ ጻፊው አልኳት።

ስለዚህ ጉልበቴን አጥፌ እንድቆም በጽሑፍ እንዲፈቀድልኝ፣ ማስጠንቀቂያዎቹም እንዲነሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ቃሌ ካልታመነ፣ ኃላፊያችን መድረኩ ላይ አንድ ሰዓት ብቻ ቀጥ ብለው ይቁሙና እንደወረዱ ሦስተኛውን ማስጠንቀቂያ ይፈርሙት። ፊርማው ከተነበበ ያለ ቅሬታ እሰናበታለሁ።

የእኔ ፊርማ ማህደሬ ውስጥ ካለው ጋር ባይመሳሰል የሌላ ሰው እንዳይመስልዎ። ዛሬም በመመሪያው መሠረት ቀጥ ብዬ ውዬ ነው የፈረምኩት።

እጅ እየነሳሁ፣ ከሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የብሎኬት ማሽን ሠራተኛ