ፍሬን የሌላት ብስክሌቴና አባዬ

ሰኔ 9፣ ማክሰኞ

ዝናብ። ከጠዋት እስከ ማታ። ሥራ ቦታ ሁለት ሌንስ አበላሸሁ። አንዱን ስሞርደው ጠርዙ ተሸረፈ፣ ሌላውን የቀኙን በግራ ገጠምኩት። አለቃዬ "ዛሬ ዓይንሽን የት ጥለሽው መጣሽ?" አለኝ። መነጽር ቤት ውስጥ ይሄ እንደ ቀልድ ይቆጠራል።

ብስክሌቴን ሁሌ ከደረጃው ሥር ነው የማቆማት። ዛሬ ግን ጎርፍ ስለገባ ተሸክሜያት ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ አስደገፍኳት። አባዬ ጋዜጣውን ይዞ ሲያልፍ ቆመ። ዞራት። መሪዋን ዳበሰ፣ ጎንበስ ብሎ ጎማዋን አየ፣ እንደገና መሪዋን...

"ፍሬኗ የታለ?"

"የላትም አባዬ።"

"ተሰበረ?"

"ኧረ ድሮም የላትም። ፔዳሏና የኋላ ጎማዋ አብረው የታሰሩ ናቸው። ጎማው እስከዞረ ድረስ እግርህም ይዞራል፣ ማረፍ የለም። ለመቆም እግርህን ወደኋላ መግፋት ነው።"

"በእግርሽ ነው የምትቆሚው?"

"በእግሬ።"

ሳቀ። ከዚያ ሳቁ መሃል ላይ ቀረ። ጋዜጣውን አጥፎ ገባ።

ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ የነዳ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ተሳፋሪ ሳይጭን ትንሽ ወደፊት ነድቶ፣ ፍሬኑን ረግጦ፣ መያዙን አይቶ ነበር በሩን የሚከፍተው። ልጅ ሆኜ አብሬው ስሄድ ያቺ የመጀመሪያዋ ንቅንቅታ ታስቀኝ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ብስክሌቷን ከመስኮት ሲያያት ኖሮ፣ ምነው ዛሬ ገና?

ሰኔ 10፣ ረቡዕ

አባዬ "ደህና አደርሽ" አላለኝም። ጥርሱን አሞት ይሆን?

ሰኔ 11፣ ሐሙስ

ጥርሱን አይደለም።

ሰኔ 14፣ እሑድ

ከቀጮ ጋር ልምምድ። ብስክሌት ጠጋኝ ነው። ብስክሌቷን ከወዳደቀ ዕቃ ገጣጥሞ የሰጠኝም፣ ወደዚህ ጣጣ የጎተተኝም እሱ። ሐምሌ 5 ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ ባለው ሜዳ የጭቃ ውድድር አለ። ተመዝግቤያለሁ። ዳገት፣ ቁልቁለት፣ በመሃል ጣውላ ተጋድሟል። እዚያ ስትደርሺ ዘለሽ ወርደሽ፣ ብስክሌቷን ትከሻሽ ላይ ጭነሽ መሮጥ፣ ከዚያ እንደገና ዘሎ መውጣት።

ሌላው ሰው መውጣትና መውረዱ ቀላል ነው፣ ፔዳሉ ቆሞ ይጠብቀዋል። የኔዋ አትጠብቅም። ስዘል ፔዳሏ የት እንዳለ ማወቅ አለብኝ፣ አለዚያ ቅልጥሜን ትለኛለች። ዛሬ ሁለቴ አለችኝ። በቁልቁለቱ ደግሞ እግሬ ከኔ ቀድሞ ይሮጣል... እኔ ነኝ የምነዳት ወይስ እሷ? ግን የሌላው ሰው ፍሬን ውስጥ ጭቃ ሞልቶ ጎማው አልዞር ሲል፣ የኔ ላይ ጭቃው የሚቀመጥበት ቦታ የለም። አብረውን የሚለማመዱት ሁሉ ቆመው ጭቃ ሲፍቁ በመሃላቸው አለፍኩ።

ለምንድነው የምወደው? ቀጮ ጠየቀኝ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጬ የሰው መነጽር ስለምሞርድ? እልህ ነው? ወይስ እዚያ ላይ ስሆን ሌላ ነገር ማሰብ ስለማልችል... እኔንጃ።

ቤት ስገባ አባዬ በሩ ላይ ነበር። ጭቃዬን ከላይ እስከታች አየና ለእማዬ "ልጅሽ መጥታለች" አላት።

ሰኔ 17፣ ረቡዕ

በቃ፣ አባዬ ከኔ ጋር የሚነጋገረው በእማዬ በኩል ሆኗል። ሦስት ሰው፣ አንድ ጠረጴዛ።

"ልጅሽን ጨው አቀብዪኝ በያት።"

እማዬ፦ "ጨው አቀብዪው።"

"ጨው ተከልክለሃል በይው።"

"ተከልክለሃል ትላለች።"

"የተከለከልኩትን እኔ አውቃለሁ በያት። እሷ የተከለከለችውን ትወቅ።"

እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። "እኔ የስልክ እንጨት ነኝ እንዴ? ሆ!"

ሳቄ መጣ። እሱ ግን አልሳቀም። ያኔ ሆድ ባሰኝና ቀጥታ ጠየቅኩት። "አባዬ፣ አንድ ቀን ፍሬን እምቢ ብሎህ ነበር እንዴ? ሳትነግረን የደረሰብህ ነገር አለ?"

ወደ እማዬ ዞረ። "ምንም ደርሶብኝ አያውቅም በያት። ሠላሳ ዓመት፣ አንድም ቀን። ለምን ይመስላታል በያት።"

ተነስቶ ሄደ። አንድ ክፉ ነገር ደርሶበት ቢሆን ይገባኝ ነበር። ምንም ስላልደረሰበት የሚፈራ ሰው ምን ይባላል?

ሰኔ 21፣ እሑድ

ልምምድ ቀረ። ወንድሜ በመኪናው አክስቴ ቤት ወሰደን። አባዬ ከፊት፣ እኔና እማዬ ከኋላ። እንደ ሁልጊዜው ነው፤ ከፊታችን መኪና በቆመ ቁጥር የአባዬ ቀኝ እግር ወለሉን ጥም!

"አባዬ፣ ወለሉን በስተኸው ነፋስ እንዳታስገባብኝ" አለ ወንድሜ።

"አንተ ዘግይተህ ስለምትይዝ ነው።"

"ተወው" አለች እማዬ፣ "ቤትም ቴሌቪዥን ላይ መኪና ሲያይ ይረግጣል።"

ሁላችንም ሳቅን። እኔ ስስቅ ግን ቀና ብሎ በመስታወቱ አየኝ። ቁጣ አልነበረም። ምን እንደነበር አላውቅም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር፣ ቁጣውን አውቀዋለሁ።

ሰኔ 26፣ ዓርብ

ከሥራ ስገባ ትራሴ ላይ በላስቲክ የተጠቀለለ ነገር። ስፈታው፣ ፍሬን። እጀታው፣ ገመዱ፣ ጎማውን የሚነክሰው፣ ሁሉም ሙሉ። በዚያ ዝናብ የት ሄዶ ገዛው? ጉልበቱን እያመመው! እንኳን ሊያናግረኝ፣ ቀና ብሎም ሳያየኝ... አንጀቴን በላው።

ይዤ ወደ ቀጮ በረርኩ። ቀጮ ፍሬኑን አየ፣ ብስክሌቷን አየ፣ እኔን አየ።

"ይቺ እኮ ፍሬን የሚታሰርባት ቀዳዳ የላትም። ልብሳት ብል ትሰነጠቃለች።"

"ምን ላድርግ ታዲያ?"

"የኔን ንጂ። ፍሬን አላት፣ እግርሽንም ታሳርፍልሻለች። የኔ ጉልበት እንደሆነ ዘንድሮ አላስወዳደረኝም።"

እሺ አልኩ። ወዲያው ነው እሺ ያልኩት፣ አላሰብኩበትም። ፍሬኑን መልሼ ጠቀለልኩት። ምን እንደማደርገው አላውቅም፣ መሳቢያዬ ውስጥ ከካልሲዎቼ ጋር አስቀመጥኩት።

ሰኔ 27፣ ቅዳሜ

"አባዬ፣ በፍሬን ነው የምወዳደረው። የቀጮን ብስክሌት ነው የምነዳው።"

ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። "መቼ ነው?"

"የሚመጣው ሳምንት፣ እሑድ።"

"እመጣለሁ።" ከዚያ ደግሞ "የኔ እናት" አለኝ። በእማዬ በኩል ሳይሆን ለኔ! እማዬ ከጓዳ "እሰይ፣ ጡረታ ወጣሁ" ብላ ጮኸች።

ደስ አለኝ። በጣም። ታዲያ ኮሪደሩ ላይ ሳልፍ ብስክሌቴን ለምን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ? ለብረት ይታፈራል እንዴ?

ሐምሌ 3፣ ዓርብ

ሳምንቱን ሙሉ ሥራ በዛ፣ ልምምድ የለም። የቀጮን ብስክሌት የሞከርኳት ሱቁ በር ላይ ብቻ ነው። ሁለት ጣቴን ፍሬኑ ላይ አደረግኩ፣ ያዝኩ፣ ቆመች። ቀላል ነው። ልጅ ሆኜ በፍሬን አይደል የተማርኩት? "በደንብ ልመጂያት" አለ ቀጮ። ምኗን ነው የምለምደው...

እግሬ ቆሞ ጎማው ብቻውን ሲሄድ ግን የሚያስጠላ ነገር አለው። የሰው ጫማ ያደረግኩ ያህል ነው።

ሐምሌ 6፣ ሰኞ

በግራ እጄ ነው የምጽፈው። ፊደሌ ያስቃል። የቀኝ እጄ አንጓ ተሰንጥቋል። አባዬ ደህና ነው... ምን ማለቴ ነው? የወደቅኩት እኔ ነኝ እኮ።

እጄ ደከመ።

ሐምሌ 7፣ ማክሰኞ

ትንሽ ትንሽ እያረፍኩ ልጻፈው።

አባዬ ከቁልቁለቱ በታች፣ መታጠፊያው ላይ ቆሞ ነበር። ሱፍ ለብሶ! ጭቃ ሜዳ ላይ! ያጸዳው ጫማ ያበራል። የመጀመሪያውን ዙር ደህና ሄድኩ። እያሰብኩ ነዳሁ፦ ጣት፣ ፍሬን፣ ጣት፣ ፍሬን። አጨበጨበልኝ። ሁለተኛውም ደህና። ሦስተኛው ላይ ደከመኝ፣ ማሰቡን ተውኩት።

ቁልቁለቱን ወረድኩ፣ መታጠፊያው መጣ። እግሬን ወደኋላ ገፋሁ። ባለኝ ኃይል። ፔዳሉ ዝም ብሎ ወደኋላ ዞረ። ባዶ። ደግሜ ገፋሁ፣ አሁንም ባዶ። ጣቶቼ መሪውን ጨምቀዋል፣ ፍሬኑን ግን አልነኩትም፤ እዚያ መኖሩንም ረስተውታል። አባዬ "ያዢ! ያዢው!" እያለ ይጮሃል። እየያዝኩ ነው እኮ አባዬ... እላለሁ በልቤ። ከዚያ የመታጠፊያው የእንጨት አጥር።

መጀመሪያ የደረሰልኝ እሱ ነው። ጭቃው ላይ ተንበረከከ። ትከሻዬን፣ ክንዴን፣ ፊቴን እየዳበሰ የሚይዘው ጠፋው። እንደዚያ ሲሆን አይቼው አላውቅም፣ ከሕመሙ ይልቅ እሱ አስፈራኝ።

ሐምሌ 8፣ ረቡዕ

ዋናውን ነገር አልጻፍኩትም።

እሑድ ከሐኪም ቤት ስንመለስ በወንድሜ መኪና ነበርን። አባዬ ከፊት። መንገዱን አጋመስን። ከዚያ ሳይዞር ጠየቀኝ።

"ፍሬኑ አልሠራ አለሽ?"

"ይሠራ ነበር።"

"ታዲያ ለምን አልያዝሽም?"

"ያዝኩ አባዬ። በእግሬ ያዝኩ።"

መብራቱ ቀይ ሆነ፣ የፊቱ መኪና ቆመ፣ የአባዬ እግር ጥም! እንደ ሁልጊዜው። ወንድሜ ሊቀልድ አፉን ከፈተና ተወው። አባዬ አጎንብሶ እግሩን አየ። ምንጣፉ ላይ በሜዳው ጭቃ የጫማው ቅርጽ ታትሟል። ከሥሩ ምንም የለም፣ ወለል ብቻ።

መብራቱ አረንጓዴ እስኪሆን እግሩን አላነሳም። "ጡረታ ወጥቼ አምስት ዓመቴ" አለ፣ ለማን እንደሚናገር አይታወቅም።

ተናዶብኝ ነው? አዝኖ ነው? ጠፋኝ። ብጠይቀው እፈራለሁ።

ሐምሌ 16፣ ሐሙስ

የሕመም ፈቃድ ላይ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ሶፋ ላይ አሸልቦኝ ነበር። ኮሪደሩ ላይ የሰንሰለት ኮሽታ ሰማሁ። ቀስ ብዬ ሳይ አባዬ ነው። መሬት ላይ ቁጭ ብሎ የብስክሌቴን የኋላ ጎማ አንስቶ ያዞራታል። ከዚያ ፔዳሏን በእጁ ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ጎማው ቀጥ። ደግሞ ያዞራል፣ ደግሞ ይይዛል።

"ትይዛለች" አለ። መቆሜን አውቋል ለካ!

"ትይዛለች አባዬ።"

"የምትይዘው በየቱ ነው? በዚህ ጥርስ?"

"አዎ። በላዩ ያለችው ቀለበት ነች የምታስረው።"

"ይቺ ቀለበት ከላላችስ?"

"እ... ያኔ ወደኋላ ስገፋ ጥርሱ ይፈታል።"

ቀና አለ። "በየስንት ጊዜው ታያታለሽ?"

ቀጮ ያሰራት ቀን ነው ያየኋት። ስድቡን ጠበቅኩ። አልተሳደበም። "መፍቻ አምጪ" አለኝ። በግራ እጄ መፍቻ ይዤ ስሠራ፣ ሲሳሳትብኝ "ወደዚያ ሳይሆን ወደዚህ" እያለኝ፣ አመሸን። እማዬ እራት ቀረበ ብላ ሦስቴ ጠራችን፣ ጆሮ ዳባ ልበስ አልናት።

ፈቀደልኝ ማለት ነው? "ፈቅጃለሁ" አላለም። "አልፈቀድኩም"ም አላለም። ግራ እንደገባኝ ልተኛ ነው።

ነሐሴ 17፣ እሑድ

ጄሶው ከተፈታ ዛሬ የመጀመሪያ ቀኔ። ብስክሌቴን ይዤ ስወጣ አባዬ ደረጃው ሥር ቆሟል። በፒጃማ።

"ሳትፈትሺ?"

ትንሽ ወደፊት ነዳሁ። እግሬን ወደኋላ ገፋሁ። ነቅነቅ ብላ ቆመች። አየኝ። እጁን ወደ መንገዱ ዘረጋ፣ የአውቶቡስ በር የሚከፍት ይመስላል። የሚመጣው እሑድ ውድድር አለ አልኩት፣ "ሰምቻለሁ" ብሎ ገባ።

ነሐሴ 24፣ እሑድ

ከመጨረሻ አራተኛ ወጣሁ። ጭቃው ያን ያህል ስላልነበረ የሌሎቹ ፍሬን አልተደፈነም፣ በቁልቁለቱ ሁሉም ጥለውኝ ሄዱ። ግድ የለኝም። ይሄንንም ለምን ግድ እንደማይለኝ አላውቅም።

አባዬ መጣ። ያው ሱፍ፣ ያው መታጠፊያ። ገና ስወርድ አየሁት። አላጨበጨበም፣ "ያዢ" ብሎም አልጮኸም። ከንፈሩን ነክሶ ቆሟል። እግሬን ገፋሁ፣ ያዘች፣ ታጠፍኩ። በየዙሩ እንደዚያው። ፊቱን ማየት ፈርቼ ወደ ታች ወደ ታች አይ ነበር፣ ቀኝ እግሩ አካባቢ የሆነ ነገር ይንቀሳቀስ ነበር፣ ልብ አላልኩትም።

ሲያልቅ ወደሱ ሄድኩ። "ነይ እስቲ፣ ደግፊኝ" አለኝ። ቀኝ እግሩ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ውስጥ ገብቷል፣ አልወጣ ብሎታል። ግራው ሣሩ ላይ ነው፣ ንጹሕ። ጎትቼ አወጣሁት። ጉድጓዱ ውኃ ሞላ፣ ሁለታችንም ቆመን አየነው። ሳቅ ይምጣብኝ ልቅሶ ለራሴም አልለይልኝ አለ።

ቤት ስንገባ እማዬ በሩ ላይ ጫማውን አየች። አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች።

"ምን ዓይነት ሜዳ ነው፣ ለአንድ እግር ብቻ ጭቃ ያለው?"

አባዬ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ጋዜጣውን ዘረጋ።

"ለእናትሽ ንገሪያት" አለኝ።

እኔ ግን አልነገርኳትም። ጫማውን ወስጄ አጠብኩት፣ የቀኙን ብቻ። አሁን ኮሪደሩ ላይ፣ ከብስክሌቴ ሥር፣ እየደረቀ ነው።