የነቀልኩት ሚስማር

ፈንታዬ፣

ከተለየኸኝ ዓመት ሊሞላህ ሁለት ሳምንት ቀረው። ሰው ለሟቹ ሲጽፍ ናፍቆቱን ያስቀድማል። እኔ ግን እንደተናደድኩ ነኝ፣ ንዴቴን አስቀድማለሁ።

ያን ጣራ በበጋው ጠግነው ብዬ ስንት ጊዜ ለመንኩህ? ሚያዝያ ላይ ብለምንህ፣ ግንቦት ላይ ብጨቀጭቅህ መልስህ አንድ ነበር፤ ዝናብ ሳይመጣ ጣራውን የሚደፍን ሰው ዝናቡን ከደጁ ይመልሰዋል ትለኝ ነበር። አባትህም እንዲሁ ይሉ ነበር። ነሐሴ ላይ ዶፉ ሲወርድና አልጋችን ሲርስ መዶሻህን ይዘህ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ወጣህ። አንሸራቶህ ድንጋዩ ላይ ስትወድቅ እኔ ከታች መሰላሉን ይዤ ነበር። ይህን አልረሳልህም።

ዘንድሮ ግንቦት ላይ ራሴ ወጣሁ። ልጃችን ሐመልማል መሰላሉን ያዘችልኝ፣ እኔ የላላውን ሚስማር አጠበቅሁ፣ ቀዳዳውን በሬንጅ ደፈንኩ። ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ከአጥሩ ማዶ ቆመው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሰኔ አለቀ፣ ጠብ ያለ ነገር የለም። ሐምሌም ተጋመሰ። የቧንቧው ውኃ ሦስት ሳምንት ጠፋ። ወንድምህ ከእኛው ዝቋላ ወረዳ ደውሎ ማሽላው በቁሙ እየደረቀ ነው አለኝ። እትዬ ብርቄ ደግሞ የሟች ቃል አይናቅም ብለው ሰፈሩ እየሰማ ተናገሩኝ። ለእሳቸውም ለአንተም የምመልሰው ብዙ ነበረኝ።

ግን ፈራሁ። እንድፈራ ያደረግኸኝ አንተ ነህ። ሐመልማል ውኃ ልትቀዳ እንደሄደች ጉጠት ይዤ ወጣሁና አንድ ሚስማር ነቀልኩ፣ በአንተ ራስጌ በኩል ያለውን።

በሦስተኛው ቀን ዘነበ።

ይኸው እስካሁን አላባራም። በርሜሎቹ ሞልተዋል፣ ማሽላው ነፍስ ዘርቷል፣ ሰው ሁሉ ተመስገን ይላል። የእትዬ ብርቄን አጥር ጎርፍ ወስዶታል፣ የአበርገሌ መንገድ ተቆርጦ መኪና ከቆመ ሰንብቷል፣ የጓዳችን ግድግዳም አብጧል። እኔም ጥርሴን ነክሼ ተመስገን እላለሁ። ባሌን የገደለ ዝናብ፣ ባልሽ ልክ ነበር እያለ ይዘንብብኛል።

ልክ አልነበርክም። ዝናቡ በራሱ ጊዜ መጣ እንጂ ሚስማር ስለተነቀለ አልመጣም። ይህን አውቃለሁ። ሚስማሩን ግን አልመለስኩትም፣ መቀነቴ ጫፍ ላይ ቋጥሬዋለሁ።

ውኃው የሚያርፈው አንተ ትተኛበት በነበረው በኩል ነው። ሐመልማል አልጋውን እናንሳው ብትለኝ እምቢ አልኳት፤ ጀሪካን ቆርጬ ትራስህ ከነበረበት ቦታ አስቀመጥኩ። ሲሞላ እደፋዋለሁ፣ እየሰደብኩህ።

ክረምቱ ሲወጣ ሚስማሩን መልሼ እመታዋለሁ፣ በበጋ፣ በደረቅ ቆርቆሮ ላይ፣ አንተ መውጣት በነበረብህ ጊዜ። ሐምሌ ሲገባ ደግሞ ጠብታው ሳይጀምር ወጥቼ እነቅለዋለሁ። አቅሜ መሰላል እስከቻለ ድረስ በየዓመቱ እንዲህ እያደረግሁ አስታውስሃለሁ። ይቅር ማለቱ ግን ዘንድሮ አልሆነልኝም።

ሚስትህ አለሚቱ
ከሰቆጣ