ጥዱ ሥር የተጠና እንግሊዝኛ

ላሊበላ፣ ሰኞ ኅዳር 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለናፍቆቴ ለፅናት፣

አንቺና መቅደላዊት እንዴት ከርማችኋል? የአዳማ ሙቀት በረደላችሁ? እኛ ጋ ብርዱ ገብቷል። ገብሱ እየታጨደ ነው። እናቴን ጉልበቷ እንደያዛት ነው፤ ምላሷ ግን ደኅና ነው፤ ዛሬም ሁለት ጊዜ ተቆጥታኛለች። ይህን ደብዳቤ እትዬ ሸጌ ወልድያ ይዘውት ይወርዱና በሹፌር ይልኩልሻል። ፈትላቸውን ጠቅልለው ደጃፋችን ላይ ተቀምጠዋል፤ ስለዚህ መፍጠን አለብኝ። እኔ ደግሞ ስቸኩል ወሬ ይበዛብኛል፤ ታውቂኛለሽ።

ስለ ጥናቴ መጠየቅሽ አይቀርም። ምንባቦቹን በድምፅሽ ቀድተሽ የላክሽው ሜሞሪ ካርድ በደኅና ደርሶኝ ነበር። ሒሳቡ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ እንግሊዝኛው ነው። ይገርማል እኮ፤ ስንት ዓመት ሙሉ ፈረንጅ አስከትዬ ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ስዞር የኖርኩ ሰው፣ የማስተርስ መግቢያ ፈተና ላይ ያለች አንዲት አንቀጽ ደጋግሜ አንብቤያት አልፈታ ትለኛለች። የአስጎብኚ እንግሊዝኛ እንግዳ ያስቃል እንጂ ፈተና አያሳልፍም። ግን ካለፍኩ ዩኒቨርሲቲው እዚያው አጠገባችሁ ነው፤ ሦስታችንም በአንድ ጣሪያ ሥር እናድራለን። ይህን እያሰብኩ ነው የማጠናው።

የማጠናው ደግሞ በልጅነቴ እንደለመድኩት ነው። የኔታ ገብረመስቀል በነአኩቶ ለአብ ቤተ ክርስቲያን ሲያስተምሩን «ቃል በዓይን አይያዝም፤ ቆመህ፣ ጮኸህ፣ በአፍህ ያዘው» ይሉን ነበር። ስለዚህ ማለዳ ማለዳ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለው ጥድ ሥር እወጣለሁ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰክቼ፣ አንቺ ስታነቢ እየተከተልኩ ጮክ ብዬ እለዋለሁ። ስትሳሳቺ እስቅብሻለሁ። ስትፈጥኚብኝ «ቀስ በይ እንጂ፣ ሰው እኮ ነኝ!» እልሻለሁ። ያችን የዓሣ ነባሪዎቹን ምንባብ አሁን እንደ ዳዊት በቃሌ ይዣታለሁ። ባሕር አይቶ የማያውቅ የላስታ ሰው ዓሣ ነባሪ የት እንደሚከርም ማወቁ ምን ይከፋል?

መጀመሪያ ዝም ያሉት አጫጆቹ ናቸው። ቀድሞ ሳልፍ «ተሜ፣ ዛሬም አልጨረስከውም?» ብለው ይቀልዱብኝ ነበር። ቀልዱ ቀረ፤ ቀጥሎ ሰላምታው ቀረ። አንድ ቀን ከምቆምበት ቦታ ላይ ገና የሚጨስ የሲጋራ ቁራጭ አገኘሁ። በማግስቱ ከጥዱ በላይ ካለው ቋጥኝ ጀርባ ሣሩ ሰው ሲተኛበት ያደረ መስሎ ተጋድሟል። የንስሐ አባታችን መንገድ ላይ ጠብቀው «ልጄ፣ በልብህ ብታነበው ምን አለ?» አሉኝ። «በልቤ አልይዝ ይለኛል፣ አባ» ብያቸው ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ከዚያ ባለፈው ሳምንት ያ ነገር መጣ። ከገደሉ ማዶ መሣሪያ የያዙ ሰዎች ሰፍረው ነበር። የትኞቹ እንደሆኑ አልጽፍልሽም፤ ደብዳቤ እጅ ይለዋውጣል። ጎሕ ሲቀድ ሳያስቡት ተከበቡ፤ ብዙ ሰው አለቀ። የተረፉት «ማን ጠቆመብን?» ብለው ሲጠይቁ፣ አገሩ ሁሉ ወደ ጥዱ አየ።

ቅዳሜ ቤት ድረስ መጡ። አለቃቸው ለስላሳ ሰው ነው፤ እናቴን ጉልበት ስሞ ነው የተቀመጠው።

«ወንድሜ፣ ጠዋት ጠዋት ከማን ጋር ነው የምታወራ?» አለኝ።

«ከሚስቴ ጋር» አልኩት።

ፅናቴ፣ ሳላስብ ነው የወጣኝ። ለእኔ እውነት ነበር።

«ኔትወርክ ከጠፋ ስንት ጊዜው! በምንህ ነው የምታወራት?» አለኝ።

ካነጋገር ይፈረዳል፣ ካያያዝ ይቀደዳል ይባል የለ? የተቀዳ ድምፅ ነው፣ ለፈተና ነው፣ የኔታ እንዲህ አስተምረውኝ ነው ብዬ ብዘረዝርም ከዚያ በኋላ የሚሰማኝ አላገኘሁም። ስልኬን ወሰዱት። መክፈቻውንም ነገርኳቸው፤ እናቴ እያየች እምቢ ማለት አልቻልኩም። «የሚያውቅ ሰው ይስማውና ይፍረድ» አሉ።

ትናንት ከቅዳሴ በኋላ ሰው በተሰበሰበበት ጋሼ ውቤን አስጠሩ። ሳያቸው እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። አስጎብኚነትን ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ሠላሳ ዓመት ከፈረንጅ ጋር የዋሉ እሳቸው፣ አገሩ «እንግሊዝኛ ከውቤ ወዲያ ላሳር» የሚልላቸው እሳቸው! ድምፁን ከፈቱት። መጀመሪያ ያ የመግቢያሽ ቀልድ ወጣ፤ «ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን፣ ከአዳማ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ የሚተላለፈው የፅናት ሬዲዮ ነው!» አልሽ። እኔን ሁልጊዜ የሚያስቀኝ ነው። ከሰዎቹ አንዱ «ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ» ብሎ ለራሱ ሲደግመው ሰማሁት።

ከዚያ ምንባቡ ቀጠለ። ጋሼ ውቤ ጆሯቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ። ስለ ንጉሡ የለም፣ ስለ ዓለቱ የለም፣ ስለ መስኮቱ ቅርጽ የለም። እሳቸው የሚያውቁት አንድም ነገር አልመጣም። ግንባራቸው በብርድ ሲያልበው አየሁ።

«ምን ትላለች?» አላቸው አለቃው።

«አልገባኝም» ቢሉ ነገሩ እዚያው ባበቃ ነበር። ግን ያ ሁሉ ሰው እያየ፣ ጋሼ ውቤ እንግሊዝኛ አልገባኝም ይበሉ? አንዴ አዩኝና ዓይናቸውን መለሱ።

«ይሄ ሰዎች የሚነጋገሩበት እንግሊዝኛ አይደለም» አሉ። «ሌላ ነገር ነው።»

«ስለ ዓሣ ነው! ስለ ዓሣ ነባሪ ነው!» ብዬ ጮህኩ። አለቃው ብቻውን ሳቀ። «ላስታ ተራራ ላይ፣ በጎሕ፣ ስለ ዓሣ» አለ።

ጋሼ ውቤ ከፍርሃት ይሁን ከኩራት እንዲያ ያሉት እስካሁን አላወቅሁም፤ ከሁለቱም ይመስለኛል። በጣም ተናድጄባቸዋለሁ። ዛሬ ጠዋት በራችን ድረስ መጥተው ትንሽ ቆሙ፤ ሳያንኳኩ ተመለሱ። ሲሄዱ በመስኮት አይቼ ንዴቴ ወደ እዝነት ተለወጠብኝ፤ አልጠራኋቸውም እንጂ።

ነገ ማለዳ ወደ ቆላ ይዘውኝ ይወርዳሉ። እዚያ የተማረ ሰው አለን፣ እሱ ይሰማዋል ይላሉ። የተማረ ከሆነ ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ብሸሽ እናቴን በማን እጅ ልጣላት? ብሸሽስ እውነትም ጠቋሚ ነበር አይሉም? እትዬ ሸጌ «አብሽር፣ እውነት ይዘህ» ይሉኛል፤ ግን ይህን ሲሉኝ ፊቴን አያዩም።

አሁን ከቀልድ ወጥቼ የምነግርሽን ስሚኝ። ይህ ደብዳቤ በደረሰሽ ቀን ልጅቷን ይዘሽ ከዚያ ቤት ውጪ። እህትሽ ጋ ግቢ፤ የት እንደሄድሽ ለጎረቤትም አትንገሪ። የአንቺም የመቅደላዊትም ፎቶ ስልኬ ውስጥ አለ። ኔትወርክ ካለበት ቦታ በእኔ ቁጥር ከተደወለልሽ አታንሺው። ደስ ብሎሽም፣ ናፍቀሽም፣ ደጋግሞ ቢጠራም አታንሺው። እኔ አይደለሁም።

ነአኩቶ ለአብ ከክፉ ይሰውራችሁ። ያሰብሽው ይሙላልሽ፤ ልጃችንን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልሽ። ድምፅሽን ስለላክሽልኝ አንድም ቀን እንዳትጸጸቺ፤ ከዓመቱ ሁሉ ደስ ያለኝ ጊዜ እሱ ነበር።

መቅደላዊት «አባዬ የት አለ?» ስትልሽ፣ እያጠና ነው በያት።

የአንቺው ደሳለ