የሙሴ ኤሚል የመጀመሪያ እንስራ

ሶዶ፣ ጥር ፲፱፻፳፯

ወዳጄ ሰብስቤ፣

ሰይጣን ቤት በሚሉት ሲኒማ ውስጥ ያለ ድምፅ እየሞተ የነጠላህን ጫፍ በእንባ ያስረጠበህን ፈረንጅ ተዋናይ፣ ዛሬ ሶዶ ገበያ ከሸክላ ሠሪ ሴቶች መካከል ተቀምጦ አገኘሁት። ሙሴ ኤሚል ይባላል። ሲኒማው መናገር ሲጀምር የእሱ ድምፅ የጫጩት ሆኖ ተገኘና አሰናበቱት። አሁን ባሎቴ ከምትባል ሸክላ ሠሪ ዘንድ እንስራ መሥራት ይማራል። እሷም "የዛሬው ካልተሸጠልህ ጭቃዬን ዳግመኛ አትነካም" ብላዋለች።

ያንተዋ ሳህሊቱ እንስራ በዐይኗ ትመርጣለች፤ እዚህ ግን የሚመረጠው በጆሮ ነው፤ የተሰነጠቀው በድምፁ ይታወቃል። አንዲት ገዢ መጥታ የሙሴን እንስራ በጣቷ ቋ ቋ አደረገችና ጆሮዋን አስጠግታ አዳመጠች። በሲኒማ ሦስቴ ሲሰቀል ፊቱ ያልተለወጠው ሰው እንደ ብራና ነጣ።

"ድምፁ ደህና ነው፤ እወስደዋለሁ" አለች።

ሙሴ ሊያመሰግናት አፉን ሲከፍት፣ ባሎቴ ጭቃ በነካው እጇ ከደነችው።

"ዝም በል! ያንተን ድምፅ ከሰማች ትመልሰዋለች!"

ከፖስታ ካርዱ የቀረው ቦታ የቴምብሩ ነው። ሳህሊቱንና ልጆቹን ሳምልኝ፤ እትዬ ይመኙሻልንም እንዴት ነሽ በልልኝ።

ያንተው ተክለጻድቅ