እንደ አዲስ የሚነገር መርዶ

ለውድ ወንድሜ ላክላን፣

ጤናህ እንዴት ነው? የፎርት ማክመሪ ብርድ ጉልበትህን እንዴት አደረገው? ባለቤትህ ዶሪንስ፣ ያ ሳል ለቀቃት? ልጆቹስ? እኔ ሰውነቴ ደህና ነው፤ ልቤም ደህና ነው ብዬ ግን አልዋሽህም። ይህን ወሬ በስልክ ልነግርህ ሞክሬ አንደበቴ ስላልታዘዘልኝ ነው ወረቀት ያነሳሁት።

ዩኒቨርሲቲው የሥነ ጽሑፍ ክፍላችንን ሲዘጋ የቀጠረኝን ድርጅት ታውቀዋለህ። «ለማሽን ግብረ ገብ ልታስተምሪ? በይ መጀመሪያ እኔን አስተምሪኝ» ብለህ የሳቅክብኝ። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውን ተጠቅመው በመጦሪያ ቤት ከአረጋውያን ጋር የሚያወጋ ሣጥን ይሠራሉ። ባለፈው መስከረም እማዬ ክፍልም አስገቡት። ቀኑን ሙሉ በመስኮት ከምታይ የምታወራው አገኘች ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

እማዬ የአባባን መሞት ትረሳለች። «ራናልድ ከባሕር ተመለሰ?» ብላ ሣጥኑን ትጠይቀዋለች። እሱም በዚያ በለሰለሰ ድምፁ «አዝናለሁ፣ ባለቤትዎ በሕይወት የሉም» ይላታል። ለሷ አዲስ መርዶ ነው። ታለቅሳለች፣ ትረሳለች፣ ሻይዋን ጠጥታ ደግማ ትጠይቃለች፤ ደግሞ ይነግራታል። ይህን ያጫወተችኝ አስታማሚዋ ፍሎራ ናት። «ሶኬቱን ነቅዬ ልጥለው ነበር፤ ትባረሪያለሽ አሉኝ። ምን ላድርግ እህቴ?» አለችኝ።

እንዲህ የሚያናግረው «ማሽኑ ከቶ ሐሰት አይናገር» የሚለው የድርጅቱ ሕግ ነው። ሕጉ ሲወጣ ስብሰባው ላይ ነበርኩ። ይዋሽ አላልኩም፣ ላክላን። የአባባ ጀልባ የጠፋች ቀን የሆነውን ነገርኳቸው። መርዶውን ይዞ የመጣው ሄክተር ባርኔጣውን አውልቆ ቤታችን እንደገባ፣ ጎረቤቱ ኩሽናውን እስኪሞላው አፉን እንዳልከፈተ፣ እማዬ ተቀምጣ እጇ እስኪያዝ ቃሉ እንዳልወጣ። በእኛ መንደር ብቻውን ለተቀመጠ ሰው መርዶ አይነገርም አልኳቸው። ሰው ከጥንት ጀምሮ ሲተርክና ሲያዜም የኖረው እኮ ይህንኑ ነው፤ እውነትን ማን ይናገር፣ መቼ፣ ማን አጠገብ ሆኖ። የሞተበትን የረሳ ሰው ሲጠይቀው «እስኪ ስለ እሳቸው ያጫውቱኝ» ይበለው፣ ሰውም ይጥራለት ብዬ ለመንኩ።

አለቃችን ትሬቨር ክፉ ሰው አይደለም። «ታሪክሽ አንጀት ይበላል ኤፊ፤ ግን አንጀትን በምን ልለካው?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። እውነትና ሐሰት ይለካሉ፣ ያኛው አይለካም ተባለና በዚያው አለፈ።

የፍሎራን ወሬ ስሰማ ተመልሼ ሄድኩበት። እናቴ ናት አልኩት። ኮምፒዩተሩን ወደኔ አዞረው። «እይው፣ እየተሻላት ነው» አለኝ። ስለ ባሏ መጠየቋ ከወር ወር እየቀነሰ ሄዶ አሁን ጭራሽ ቆሟል። ድርጅቱ እንደ ጥሩ ውጤት ይዞታል።

ቅዳሜ ሄጄ ሣጥኑን ነቅዬ ኮሪደር ላይ አስቀመጥኩት፤ ከሥራዬም ቢያባርሩኝ ያባርሩኝ። እጇን ያዝኩና ራሴ ጀመርኩላት፤ «እማዬ፣ እስኪ ስለ አባባ አጫውችኝ» አልኳት። ሣጥኑ ወደነበረበት ዞር ብላ አየች፤ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ተጠግታ «ዝም በይ ልጄ፣ ስሙን ስጠራው ይሞትብኛል» አለችኝ። እዚያው አልጋዋ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። እሷ እንባዬን ጠረገችልኝ፤ ለምን እንደማለቅስ ግን አልጠየቀችኝም።

ለገና እመጣለሁ ያልከውን ተወውና አሁን ና። የአለቃህ ፊት ቢጠቁርም ይጥቆር።

ዶሪንን ሰላም በልልኝ፤ የላከችው ሹራብ ልክክ ብሎልኛል። ሾናን ጉንጯን ሳምልኝ። የአባባን ስም ያወጣህለትን ትንሹን ራናልድን ግን ይዘኸው ና፤ እማዬ ፊት ስሙን ጮክ ብለን እንጠራዋለን።

እህትህ ኤፊ

ሃሊፋክስ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 9 ቀን 2025