ሁለት ስም የነበራት ዝንብ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

ጋሼ፣ እንዴት ነህ? ወገብህስ ተሻለህ ወይስ አሁንም ከጋሪው ስትወርድ ሰው ነው የሚደግፍህ? የእማዬ ዓይን እንዴት ሆነ? ባለቤትህና ልጆቹስ? ዳማው ፈረስህስ? እኔ ደኅና ነኝ። ከአንድ ጥርሴ በቀር የሚያመኝ አልነበረም፤ እሱንም አስነቅዬዋለሁ።

ባለፈው በስልክ «እስካሁን ዝንብ እየቆጠርክ ነው?» ብለህ ስቀህብኛል። አዎ፣ እየቆጠርኩ ነው። ዛሬ የምጽፍልህ ግን ስላሸነፍኩ ነውና ተቀምጠህ አንብበው።

የምሠራበት የነፍሳት ምርምር ክፍል ከወለል እስከ ጣሪያ መሳቢያ ነው። በየመሳቢያው በመርፌ የተሰኩ የፈረስ ዝንቦች አሉ፤ አንተ ከዳማው አንገት ላይ በመዳፍህ የምትጨፈልቃቸው ዓይነት። ክንፉ ጥርት ያለው ለብቻ፣ ዝንጉርጉሩ ለብቻ፣ ጥቁር መቀነት ያለው ለብቻ ይቀመጣል። ደም የምትመጠው ሴቷ ብቻ ናት፤ ለእንቁላሏ ነው። ወንዱ አበባ ቀስሞ ያድራል፣ ፈረስ አጠገብ ድርሽ አይልም። ስለዚህ ፈረስ አጠገብ ወጥመድ የሚያጠምድ ሰው የሚይዘው ሴት በሴት ነው። ጣጣው የመጣው ከዚህ ነው።

አለቃችን፣ እኛ «ሽበቱ» የምንለው አዛውንት፣ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት ሁለት አዲስ ዝርያ አገኘሁ ብሎ በመጽሐፉ አሰፈረ። አንዱ ግራጫ ነው፤ ከሥሩ «ወንዱ ገና አልተገኘም» ይላል። ሌላው ሆዱ ቢጫ ነው፤ ከሥሩ «ሴቷ ገና አልተገኘችም» ይላል። መሳቢያዎቹ ጎን ለጎን ናቸው። በየዓመቱ አቧራቸው ይጠረጋል እንጂ ልብ ያለ ሰው አልነበረም።

አይፈረድባቸውም። ዝንብ ሲደርቅ የዓይኑ ቀለም ይጠፋል፣ ሁሉም ቡናማ ይሆናል። ምሁራኑ የሚመረምሩት የደረቀውን ነው፤ በሕይወት እያለ ይዤ የማመጣው እኔ ነኝ። የግራጫዋም የቢጫውም ዓይን አረንጓዴ ሆኖ በመሃሉ አንዲት ሐምራዊ መስመር አለችው። በሌላ ዝንብ ላይ አይቻት አላውቅም። የቢጫው ዓይኖች አናቱ ላይ ይጋጠማሉ፣ የግራጫዋ መሃላቸው ክፍተት አለው። ይህ ደግሞ በፈረስ ዝንብ ሁሉ ወንድና ሴት የሚለይበት ነው።

ስብሰባ ላይ «ባልና ሚስት ናቸው» አልኩ። ሳቁብኝ። መዝገብ ያዧ «ሠርጉ መቼ ነው?» አለች። ሽበቱ ግን አልሳቀም። «በወሬ ዝርያ አይሰረዝም። መጽሐፉ በሚመጣው ሰኔ መጨረሻ ዳግም ይታተማል። እስከዚያ አርብተህ አሳየኝ፤ ካልሆነልህ ምድር ቤት ወርደህ ዕቃ ታሽጋለህ» አለኝ። ምድር ቤቱን ብታየው፣ ጋሼ፣ አይጥ እንኳ አይኖርበትም።

ግራጫዋ ሴት ወንዝ ዳር ሸምበቆ ላይ እንቁላሏን ስትለጥፍ ጠብቄ፣ ከነሸምበቆው ቆርጬ አመጣሁት። ሲፈለፈሉ ትሎቹን በአንድ ገንዳ ጭቃ ውስጥ አኖርኳቸው። ተሳሳትኩ። በወሩ ጭቃውን ብበረብረው ጠግቦ የተኛ አንድ ትል ብቻ ቀርቷል፤ ወንድሞቹን በልቷቸዋል። እኛ ሰባት ሆነን በአንድ አልጋ ያደግነው ምን ያህል ጨዋ ብንሆን ነው አልኩ።

ወቅቱ ሳያልፍ ከሌላ ግራጫ ሌላ እንቁላል አገኘሁ። አሁን ለእያንዳንዱ ትል የየራሱን ኩባያ ሰጠሁት፤ ስልሳ አራት ኩባያ። ጭቃ እያረጠብኩ፣ የምድር ትል እየቆራረጥኩ እያጎረስኩ የብርዱን ወራት ተሻገርኩ። የጽዳት ሠራተኛዋ «ይሄ ሽታ የጭቃው ነው ወይስ ያንተ?» ትለኝ ነበር። ጉንፋን በጣለኝ ሳምንት ግን ማንም ሳያዛት ኩባያዎቹን ስታረጥብ የሰነበተችው እሷው ናት።

ባለፈው ሰኞ የመጀመሪያው ክንፍ አውጥቶ ወጣ። ወንድ ነው፣ ሆዱ ቢጫ፤ እናቱ ግራጫ። ቁጭ ብዬ ዳቦዬን በላሁ። ትናንት ዓርብ ስቆጥር ሠላሳ አንድ ቢጫ ወንድና ሃያ ሁለት ግራጫ ሴት ሆኑ። የቀሩት ሞተዋል።

ሽበቱን ጠራሁት። ማጉያ መነጽሩ ላይ አቀርቅሮ ግማሽ ቀን ዓይን ዓይናቸውን ሲያይ ዋለ። ከዚያ ተነስቶ የቢጫውን መሳቢያ ሳበ፣ በገዛ እጁ የጻፈውን የስም ወረቀት በወረንጦ አነሳና ኪሱ ከተተው። ዝንቦቹን አንድ በአንድ ወደ ግራጫዋ መሳቢያ አሻገራቸው። ሲጨርስ መዝገብ ያዧን «ምድር ቤቱን አስጠርጊው፣ የምወርደው እኔ ነኝ» አላት። መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ከዚያ መጽሐፉ ላይ የሚገባውን አጻፋት፤ «ወንዱም ሴቷም ታውቀዋል፤ ከእንቁላል ያረባቸው» ብሎ የእኔንና የአባባን ስም አስከተለ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከዝንቦቹ ሥር በሚሰካው ወረቀት ላይ የሰው ስም ስጽፍ ኖሬ የራሴን ሲጠሩት እንዴት ይጻፋል ብዬ ደነገጥኩ።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ፣ በርቺ በላት። ትልቋ ልጅህ ትምህርቷን አጥብቃ ትያዝ፤ መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ዳማውን አንገቱን እሸው። እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። ለጎረቤት «ልጄ ሐኪም ቤት ነው የሚሠራው» እንደምትል ሰምቻለሁ፤ አልተቀየምኩም። ከእንግዲህ ግን ዝንብ አርቢ ነው ትበላቸው።

ታናሽ ወንድምህ

ከሥራ ክፍሌ፣ ቅዳሜ ሰኔ 24 ቀን