ጥጥ የወተፍኩበት ወንፊት

ለምወድህ ታናሽ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ያ የሥራ ቦታህ አቧራ ዓይንህን ተወህ ወይስ አሁንም ያስለቅስሃል? ባለቤትህ ወገቧን ተሻላት? የልጅህ የፊት ጥርሶች በቀሉ? አማትህስ እንዴት ናቸው? እኛ፣ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ከማጉረምረሙ በቀር፣ ደህና ነን። ባለቤቴም ደህና ነው። ከሹፍርና ጡረታ ከወጣ ወዲህ በመስኮት እያየ መንገደኛውን ሾፌር ሁሉ ያርማል።

ደህና ነን ያልኩህ ሰዎቹን ነው። እባብህ መቀነት ግን ታማለች። ባለፈው እሑድ ደውለህ «መቀነት እንዴት ናት?» ስትለኝ «ደህና ናት፣ ተኝታለች» አልኩህ። ዋሸሁህ። ድምፅህ የደከመ መሰለኝና እውነቱን ማውጣት አቃተኝ። እነሆ አሁን ከመጀመሪያው ጀምሬ እጽፍልሃለሁ። እስከ መጨረሻው ሳታነብ እንዳትደውል።

ስትሄድ የጻፍክልኝን መመሪያ ሣጥኗ ላይ ለጥፌዋለሁ። ደብተር አስምሬ የቴርሞሜትሩን ቁጥር ጠዋትና ማታ ስመዘግብ አራት ወሬ ነው። ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ አንድ፣ ሠላሳ ሁለት። አንድም ቀን አልዘለልኩም። ገጹን እያገላበጥኩ በራሴ እኮራ ነበር።

ብርዱ ሲገባ ከመስኮቱ የሚመጣው ነፋስ አሳሰበኝ። እናታችንን ታውቃታለህ፤ አንዳችን ካስነጠስን መስኮቱን ሁሉ ዘግታ ስንጥቁን በጨርቅ ትወትፍ ነበር። እኔም ሳስተምር ስንት ዓመት ክፍል ውስጥ «መስኮቱን ዝጉ፣ ትታመማላችሁ» ስል ኖሬአለሁ። ስለዚህ የሣጥኑ ክዳን ላይ ያለውን የአየር ማስገቢያ ወንፊት በጥጥ ወተፍኩት፤ ከላዩም ብርድ ልብስ ደረብኩበት። ቆዳዋን ስትቀይር እንዳይደርቅባት ብዬ የምረጭላትን ውኃ ጨመርኩ። በዚያው ሰሞን፣ ማሞቂያው ባለበት በሞቃቱ በኩል ያለውን፣ ገብታ የምትተኛበትን መደበቂያዋን ሳጥብ ከእጄ አምልጦ ተሰበረ። በቀዝቃዛው በኩል ያለው ይበቃታል ብዬ ተውኩት።

ጠዋት ጠዋት የሣጥኑ መስታወት ያልበው ጀመር። እኔ ቤቷ ሞቀላት ብዬ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ምግቧን እምቢ አለች። ከዚያ አንድ ቀን ሣጥኑን ስወለውል፣ ሊፈላ የተቃረበ ማንቆርቆሪያ የመሰለ ድምፅ ሰማሁ። ብርድ ልብሱን ብገልጠው አንገቷን ወደ ላይ አቅንታ፣ አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች። አፍንጫዋ ላይ አረፋ ነበር።

ትራስ ልብስ ውስጥ አስገብቼ፣ ቅርጫት ውስጥ አድርጌ ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኳት። የታክሲው ሾፌር «ማዘር፣ ምን ብትይዢ ነው እንዲህ የታቀፍሽው?» ቢለኝ «መቀነት ነው» አልኩት።

ሐኪሟ ልጄ የምትሆን ናት፤ ግን እንደ ተማሪ አቆመችኝ። ደብተሬን አገላብጣ አየችና ቴርሞሜትሩ የት እንደተለጠፈ ጠየቀችኝ። በሞቃቱ በኩል አልኳት። መደበቂያዋስ? በቀዝቃዛው በኩል። «ታዲያ እሷ በምትተኛበት ስንት ዲግሪ ነው?» አለችኝ። የቤት ሥራውን እንዳልሠራ ልጅ «እዚያ ለክቼ አላውቅም» አልኳት። እባብ ሰውነቷን የምታሞቀው ከቤቷ በምታገኘው ሙቀት ነው፤ ስትበርድ በሽታ የመቋቋም አቅሟ ይደክማል አለችኝ። መደበቂያ ከሌለበት ሙቀት ይልቅ መደበቂያ ያለበትን ብርድ ትመርጣለች። የማይንቀሳቀስ እርጥብ አየር ደግሞ የሳንባ በሽታ ያራባል። ጥጡን ስነግራት ዓይኗን ጨፈነች።

ቤት ስገባ ቴርሞሜትሩን ነቅዬ መቀነት የምትተኛበት ጥግ አስቀመጥኩት። ሃያ አንድ። ምንጣፏን ባነሳው ከሥሩ ውኃ አዝሏል። አራት ወር ሙሉ የመዘገብኩት ቁጥር ልክ ነበር፤ ማንም ያልተኛበትን ቦታ ነበር የምለካው።

ጥጡን አውጥቼ ጣልኩ። ሣጥኑን ከመስኮቱ አራቅሁት፤ ነፋስ በቀጥታ አያገኛትም፣ አየሩ ግን ይዘዋወራል። ምንጣፏን በደረቅ ወረቀት ለወጥኩት፤ ሲረጥብ ወዲያው እቀይረዋለሁ። በሁለቱም ጫፍ መደበቂያ፣ በሁለቱም ጫፍ ቴርሞሜትር አለ። የእርጥበት መለኪያም ገዝቻለሁ፤ መለኪያው ሳይጠይቀኝ ውኃ አልረጭም። ዛሬ ጠዋት ሞቃቱ ሠላሳ አንድ፣ ቀዝቃዛው ሃያ ስድስት፣ እርጥበቱ ሃምሳ አምስት በመቶ ነው።

ሐኪሟ በየሦስት ቀኑ የሚወጋ አምስት መርፌ አዘዘች፤ አወጋጉንም አስተማረችኝ። ሦስቱን ወግቻታለሁ። አንተ የደወልክ ዕለት ሁለተኛውን ወግቼ ገና እጄን እየታጠብኩ ነበር። ባለቤቴ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ባትሪ ያበራልኛል። «ለእኔ ሳል ሻይ እንኳ አፍልተሽልኝ አታውቂም» ይለኛል፤ ግን ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ሣጥኑ ዘንድ የሚሄደው እሱ ነው።

ሐኪሟ የመቀነት ዕድሜ ስለገፋ ቃል መግባት እንደማትችል ነግራኛለች። ሥራ አጥተህ ቤት የዋልክበትን ዓመት አልረሳሁትም። ከእኛ ጋር አንድ ቃል ሳትነጋገር፣ ወገብህ ላይ ተጠምጥማ ከእሷ ጋር ስታወራ ትውል ነበር። ስሟንም ያኔ ነው ያወጣህላት። አደራ ብለህ የሰጠኸኝ ምን እንደሆነ አውቃለሁ።

አሁን አንድ ጥያቄ አለኝ፤ ሳትጓጓ፣ አስበህ መልስልኝ። ዛሬ ጠዋት አፏ ተዘግቷል፣ አረፋም የለም። ነገር ግን አገጯን መደበቂያዋ ጠርዝ ላይ ከፍ አድርጋ ተኝታለች። ድሮም ስትተኛ እንዲህ ታደርግ ነበር? ልማዷ ከሆነ እፎይ እላለሁ። ካልሆነ ትንፋሽ እያጠራት ነውና አራተኛውን መርፌ ሳልጠብቅ እወስዳታለሁ። እኔ በደብተሬ ቁጥር እንጂ አተኛኘቷን አልመዘገብኩም። ይህን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። ደብዳቤው እንደደረሰህ ደውል።

ባለቤትህን ወገቧን እንድታሞቅ ንገርልኝ። አማትህን በአክብሮት እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ለልጅህ፣ መቀነት ከመታመሟ በፊት የጣለችውን ቆዳ ደብተሬ ውስጥ እንዳስቀመጥኩላት ንገራት። ባለቤቴ ሁላችሁንም ሰላም ይላል፤ ስትነዳም ቀስ በል ይልሃል።

«ደህና ናት» አልልህም። ያን ቃል አንድ ጊዜ ያለቦታው ተጠቅሜበታለሁ፤ ሐኪሟ እስክትለው ድረስ አልደግመውም።

እህትህ

ከእናታችን ቤት፣ ከሣጥኑ አጠገብ
ሐሙስ ጠዋት፣ በሦስተኛው መርፌ ማግስት